ደንገል የማን ነው?

ከጣና ደንገል ከተሠሩት ታንኳዎች ሁሉ ስመ ጥሩው ያለው ባሕር ዳር አይደለም፤ ኦስሎ ነው። በኖርዌይ ዋና ከተማ፣ በኮን ቲኪ ሙዚየም ውስጥ፣ 12 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ጫፍና ጫፉ ወደ ላይ የቀና፣ መልኩ ደርቆ እንደ ጭድ የወየበ ጀልባ ተቀምጧል። ስሙ ራ ሁለት ነው። በ1962 ዓ.ም. ግንቦት ከሞሮኮ ወደብ ተነሥቶ፣ በ57 ቀን 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል አትላንቲክን አቋርጦ ባርቤዶስ ደርሷል። የታሰረበት ደንገል የበቀለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

ጀልባውን ያሠራው ቶር ሄየርዳል፣ የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ የሚሞግት ሰው ነበር። ደንገል ሁለት ሳምንት ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል የሚሉትን ሊረታ ተነሣ። ጀልባውን በጥንቱ ሥዕል ልክ፣ ከጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ሊያሳስር አሰበ። ቦታው ተገኘ፤ ጀልባ ሠሪዎችም ከቻድ ሐይቅ መጡ። አንድ ነገር ግን ከግብፅ ምድር ታጣ። ደንገል።

ስለዚህ ወደ ጣና መጣ። በ1961 ዓ.ም. ከሐይቁ ዳርቻ የታጨደው ደንገል ደጋውን ወርዶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ ደንገልን ለዓለም ወዳስተዋወቀችው አገር በጭነት ገባ። ያ የመጀመሪያው ጀልባ፣ ራ፣ ባርቤዶስ ሳይደርስ ኋላው ዘምሞ በባሕር ላይ ተተወ። ሁለተኛውን በዓመቱ የቦሊቪያ ሰዎች አሰሩት፤ እሱ ተሳካ። የዓለም ጋዜጦች ስለ ጀልባው፣ ስለ ጉዞው፣ ስለ ሰውየው ድፍረት ብዙ ጻፉ። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ጭነቱ ነው። ደንገል ወደ ግብፅ መጫን ቡና ወደ ከፋ እንደ መጫን አይደለም?

ግብፅና ደንገልን ምን እንዳለያያቸው ማወቅ ለጣናም ይበጃል። ደንገል የታችኛው ግብፅ አርማ ነበር፤ በቤተ መቅደሶቹ ዓምዶች ላይ ተቀርጿል። ከውስጡ እየተሰነጠቀ፣ እየተነባበረና እየተደቆሰ መጻፊያ ሆኖ ለአራት ሺህ ዓመት ገደማ አገልግሏል። አውሮፓውያን ወረቀትን የሚጠሩበት ስም እንኳ የመጣው ከዚሁ ተክል ነው። ሕፃኑ ሙሴ ዓባይ ዳር የተቀመጠባት ሣጥን በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የደንገል ሣጥን ናት። በዚያ ሁሉ ዘመን ደንገል እየታጨደ አላለቀም። ለምን ቢባል፣ የሚፈልገው ሰው ስለነበረ ነው። እርሻ ነበረው፣ ግብር ነበረው፣ ነጋዴ ነበረው። ከዚያ ከቻይና የተገኘው የወረቀት ጥበብ በዓረቦች በኩል ገባና ደንገል ሥራ ፈታ። የሚንከባከበው ጠፋ፤ የነበረበት ረግረግ እየተጠነፈፈ እርሻ ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአገሩ ጠፍቷል ለማለት የሚያስደፍር ደረጃ ላይ ደረሰ። ኋላ ላይ ሐሰን ራጋብ የሚባል መሐንዲስና አምባሳደር ችግኙን ከሱዳን አስመጥቶ ካይሮ ላይ መልሶ አተከለ፤ ዛሬ ቱሪስት የሚገዛው ሥዕል ያለበት ወረቀት የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

ግብፅ ደንገሏን ያጣችው ስላጨደችው አይደለም። ማጨድ ስለተወች ነው። ይህን አባባል የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች ሁሉ አይወዱትም፤ እኔ ግን ጣና ዳር በቆየሁ ቁጥር ይበልጥ እየታየኝ ሄዷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቀድሜ ላጥራ። ደንገል ከምድር ገጽ ሊጠፋ ነው የሚል ካለ አትመኑት። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ አለ፤ በደቡብ ሱዳን የሱድ ረግረግ ውስጥ ዓይን እስኪታክት አለ። የሚጠፋው ከጣና ነው። አንድ ተክል ከዓለም ሳይጠፋ ከአንድ አገር ሊጠፋ እንደሚችል ደግሞ ግብፅ አሳይታለች።

*

ጠዋት ነው፤ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ከሐይቁ ከሚለይበት ብዙም ሳይርቅ። ውሃው ገና አልነቃም። አንድ አዛውንት ከደረቀ ደንገል ክምር አጠገብ ተንበርክከው ታንኳ ያስራሉ። አንዱን ነዶ በጉልበታቸው ይጫኑና ልጡን ዙሪያውን ያዞሩታል፤ ወደ ኋላ ዘንበል ብለው ሲስቡት ነዶው ሲጥ ይላል። እንደገና ይጫናሉ፣ እንደገና ይስባሉ። ልጃቸው ይሁን የልጅ ልጃቸው ያልገባኝ አንድ ጎረምሳ ቀጭኑን ከወፍራሙ እየለየ ያቀብላቸዋል። በመሐል አንዱን ዘንግ አንሥተው አዩና ሳያስሩት ወረወሩት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ ሳይበስል የታጨደ ደንገል ቶሎ እንደሚበሰብስ ነገሩኝ። ያጨደውን ሰው የሚታዘቡት በሚመስል ድምፅ ነበር የነገሩኝ፤ ጎረምሳው አንገቱን ደፋ።

ታንኳን ከእንጨት ጀልባ ጋር የሚያመሳስል ሰው ይሳሳታል። የእንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው ውሃ ስለማያስገባ ነው፤ ታንኳ ግን ከመጀመሪያውም ውሃ አይከለክልም። ዘንጉን በምላጭ ብትቆርጡት ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡ ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ የላላ፣ አየር የሞላው። ታንኳው የሚንሳፈፈው በዚያ አየር ነው። ቢገለበጥ እንኳ አይሰጥምም፤ ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ግን ይከብዳል። ለዚህ ነው ሥራ ሲያበቃ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ እንዲመታው የሚደረገው። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው የወራት ነው። ታንኳ ያለው ሰው ሁልጊዜ ሌላ ታንኳ ያስፈልገዋል፤ ሌላ ታንኳ ደግሞ ሌላ ደንገል ይፈልጋል። በዚህች አጭር ዕድሜ ውስጥ ትልቅ ነገር አለ። በዘመኑ አንድ ጀልባ የሚገዛ ሰው ደኑን ሊረሳው ይችላል። በየጥቂት ወሩ የሚያስር ሰው ግን ደንገሉ የት እንዳለ፣ የትኛው እንደበሰለ፣ የትኛው ለመጪው ጊዜ እንደሚተው ካላወቀ ሥራ የለውም።

ተክሉ ራሱም ለማጭድ የተፈጠረ ይመስላል። ደንገል ለቀዳም ስዑር ከየደብሩ ከሚታደለው፣ ለበዓል ቤት ከሚጎዘጎዘው ቄጤማ ጋር ከአንድ ወገን ነው፤ ቁመቱ አራትና አምስት ሜትር የሚደርስ የቄጤማ ታላቅ ወንድም በሉት። ቅጠል የሚባል የለውም። ምግቡን የሚያዘጋጀው አረንጓዴው ዘንግና አናቱ ላይ እንደ ጎፈሬ የተበተነው ክር ነው። ሕይወቱ ግን ከላይ አይደለም፤ ጭቃው ውስጥ አግድም እየተጋደመ በሚሄደው ወፍራም ሥረ ግንድ ውስጥ ነው። ዘንጉ በልኩ ቢታጨድ ከዚያ ሥረ ግንድ ሌላ ይወጣል፤ ፋታ ይፈልጋል እንጂ አይሞትም። በየወሩ ቢመላለሱበት ግን ሥሩ ያጠራቀመው ስንቅ ያልቅና ይሳሳል። ሥሩ ከተነቀለ ወይም ከታረሰ፣ ከደረቀና ከብት ከረገጠው፣ ያኔ አለቀ።

መጽሐፈ ኢዮብ ውስጥ ከኢዮብ ወዳጆች አንዱ፣ ረግረግ በሌለበት ደንገል ይበቅል እንደሆነ የሚጠይቅበት ስፍራ አለ። መልስ የማይሻ ጥያቄ ነው፤ በ1995 ዓ.ም. ግን ጣና መለሰው።

*

ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። ዳርቻው ዝርግ ስለሆነ ውሃው በአንድ ሜትር ዝቅ ሲል ሐይቁ የሚያፈገፍገው ብዙ ርቀት ነው። ደንገል የሚኖረው በዚህች ዝርግ ዳርቻ ላይ፣ መሬትም ውሃም ባልሆነችው ጠርዝ ነው።

በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨራ ጨራ ውሃውን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ። ዓላማው በበጋ ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ የሚሄደው ውሃ እንዳይቀንስ ነበር። ከዚያ በፊት ሐይቁ በራሱ ልማድ ይሞላል፣ በራሱ ልማድ ይጎድላል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቁልፍ ተበጀለት። በ1995 ዓ.ም. ድርቅና የኃይል ፍላጎት አንድ ላይ ሲመጡ ሐይቁ ከምንጊዜውም በላይ ዝቅ አለ። መርከቦች ለአራት ወር ያህል መንቀሳቀስ አቃታቸው። ዓሣው ቀነሰ። ሰፊ የደንገል ቦታ ወደመ፤ ውሃ የለቀቀው የሐይቁ ወለልም ታረሰ።

የመጨረሻዋን ነገር ደግመን እናስባት። ውሃው ኋላ ተመልሷል፤ መርከቦቹም ተንቀሳቅሰዋል። ያልተመለሰው ሥሩ የታረሰበት ደንገል ነው። ድርቅ ብቻውን ቢሆን ሥረ ግንዱ ከጭቃው ውስጥ ተደብቆ ሊቆይ ይችል ነበር። ነገር ግን ውሃ ሲሸሽ ከብት ይገባል፣ ከብቱን ማረሻ ይከተላል፤ ውሃው ሲመለስ የሚቀበለው ደንገል የለም።

ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ከሐይቁ በስተምዕራብ በኩል ውሃ በዋሻ እየሳበ ወደ በለስ ይሰዳል። መብራት አያስፈልግም የሚል ሰው የለም፤ እኔም ይህን የምጽፈው በመብራት ነው። ነገር ግን ሐይቁ በስንት ሜትር ይሁን ተብሎ ሲሰላ ተርባይኑ ድምፅ አለው፣ መርከቡ ድምፅ አለው፣ መስኖው ድምፅ አለው። ደንገሉን ወክሎ የሚቀመጥ የለም።

በምሥራቅ በኩል ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የፎገራ ሜዳ፣ ርብና ጉማራ የሚያጥለቀልቁት ጨፌ፣ በከብቱ የታወቀ አገር ነበር። በደርግ ዘመን ሩዝ ገባ፤ ሩዙም አገሩን ወደደው። ውሃ የተኛበት መሬት ለጤፍ ሸክም ነበር፤ ለሩዝ ግን በረከት ሆነ። ገበሬው ኑሮው ተሻሻለ፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ሩዙ የሚፈልገው መሬት ግን ደንገልና የፎገራ ላም የሚፈልጉት ያው መሬት ነው። ሁለቱም ሸሹ።

በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ በሰሜን በመገጭ ወንዝ አፍ አካባቢ፣ እንቦጭ ታየ። የአማዞን ተክል ነው፤ ምቹ ውሃ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል፤ ዘመቻው፣ ማሽኑ፣ በደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በእጅ የሚነቅሉት ገበሬዎች፣ ከዳያስፖራ የተሰበሰበው ገንዘብ። ስለ እንቦጭ ብዙ ስለተባለ አላረዝመውም። የተዘነጋችውን አንዲት ነገር ግን ልጨምር። እንቦጭ የሚወፍረው ወንዞቹ ከእርሻና ከከተማ ጠርገው በሚያመጡት ማዳበሪያና ቆሻሻ ነው። ያንን ደለልና ማዳበሪያ በወንዝ አፍ ላይ ቆሞ የሚያጠልለው፣ ለራሱ የሚበላውም፣ ደንገል ነበር። ማጥለያውን አንሥተን ጠላው ለምን ደፈረሰ እንላለን።

*

የታንኳ ባለሙያዎቹ በአብዛኛው የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ጉማሬ አዳኝ የነበረ፣ ዓሣ አስጋሪ፣ ወፍጮ ድንጋይ ጠራቢ፣ በሐይቁ ዳር ከማንም ያልተናነሰ ዕድሜ ያለው ሕዝብ። ጎረቤቱ ግን ለዘመናት አብሯቸው ማዕድ አልቆረሰም፤ በሚበሉት ሥጋ ምክንያት ተገለሉ። ስማቸውን ያለ «ነገደ» መጥራት ዛሬም ስድብ አድርገው የሚወስዱት ለዚህ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 አካባቢ እዚህ ሲያልፍ፣ እነዚህ ሰዎች ከአካባቢው ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጻፈ። ሊያውቀው ፈልጎ ንጉሡን ለመነ፤ ሁለት ሰዎችም ተጠርተው መጡ። ተጠየቁ፤ አልመለሱም። ትሰቀላላችሁ ተባሉ፤ ያኔም አልመለሱም። ብሩስ ቋንቋውን ሳያገኝ ሄደ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንድ ጀርመናዊ ምሁር ሁሉም አማርኛ እንደሚናገሩ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1928 ደግሞ ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል አንድ ሰው በጥንቱ ቋንቋ ሲዘፍን ሰማ። የዘፈኑን ትርጉም ዘፋኙ ራሱ አያውቀውም ነበር፤ የጉማሬን ብልቶች ከሚጠሩ ጥቂት ቃላት በቀር። ቃላቱ የተረፉት ሥራ ስለነበራቸው ነው። ጉማሬ እስከታደነና እስከተበለተ ድረስ ብልቱ ስም ይፈልጋል።

ይህን ታሪክ በሰማሁ ጊዜ ስለ ግብፅ ያሰብኩት ትዝ አለኝ።

ደንገሉን የጨረሱት ታንኳ ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚል ክስ በየስብሰባው ይሰማል። ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ከተማው ሲያድግ ፈላጊው በዛ፤ ለቡና ጉዝጓዝ፣ ለአጥር፣ ለማገዶ፣ ለቅርጫት ደንገል የሚያጭደው ብዙ ነው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የደንገሉን መብሰል የሚጠብቁ አይደሉም። ሆኖም ማጭድና ማረሻ አንድ አይደሉም። ማጭድ ዘንጉን ይወስዳል፤ ማረሻ ሥሩን ይነቅላል። የአፈር ክምርና ኮንክሪት ደግሞ ረግረጉን ራሱን ያስቀራል። ታንኳ ሠሪው ደንገሉን ሲያሳሳ ከርሟል እንበል፤ የጨረሰው ግን ሌላ ነው። የሚከሰሰው እሱ የሆነው፣ ማጭድ ይዞ በጠዋት የሚታየው እሱ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ የመሬት ነገር ይመጣል። ገበሬው ለማሳው ደብተር አለው። ሆቴሉ ካርታ አለው። ደንገል የበቀለበት ጭቃ ግን በማንም ስም አልተጻፈም፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ባዶ መሬት ነው። ባዶ መሬት ደግሞ ይሰጣል። ለዘመናት ያጨደው፣ ያሳደረው፣ የትኛው ጥግ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቀው ሰው ባለ መብት አይባልም፤ ተጠቃሚ እንኳ አይባልም። ከተማው በሰፋ ቁጥር የነገደ ወይጦ ቤቶች ከዳርቻው እየተገፉ ወደ ኋላ ሄደዋል፤ ከውሃው የራቀ ሰው ደግሞ ደንገሉን ማን እንደወሰደው አያይም።

መልካም ነገርም ተሞክሯል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን ከነዙሪያው በዓለም የባዮስፌር መጠበቂያዎች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። አሠራሩ መሬቱን በሦስት ይከፍላል፤ ፈጽሞ የማይነካ እምብርት፣ በዙሪያው በጥንቃቄ የሚሠራበት ቀጠና፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ ሰው እንደ ልማዱ የሚኖርበት። ሐሳቡ ሰውን ከማባረር ይልቅ ከነኑሮው የሚቀበል ስለሆነ ለደንገል የተሰፋ ልብስ ይመስላል። ችግኙም ቢሆን ብዙ አያስቸግርም። ዓይን ያለው የሥረ ግንድ ቁራጭ በእርጥብ ጭቃ ውስጥ ከተቀበረና ከብት ካልደረሰበት ይበቅላል። ለማደጉ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የማይሸሽ ውሃና የሚጠብቅ ሰው ነው። ውሃው የኢንጂነሮች ጉዳይ ይሁን። የሚጠብቀው ሰው ማነው የሚለው ግን በቀን አበል ዘበኛ በመቅጠር የሚመለስ አይደለም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ አንድ ቀበሌ አንድ የደንገል ዳርቻ ለይቶ ለታንኳ ሠሪዎቹ ማኅበር በስማቸው በደብተር ቢሰጥ፣ በዓመት አንዴ እንዲያጭዱ፣ ሌላውን እንዲከለክሉ ሥልጣን ቢኖራቸው፣ ከመቶ የችግኝ ተከላ ቀን ይሻላል። ወንዝ አፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ማጥለያው በነፃ ይመለሳል።

የሚታሰበኝ እንቅፋት አንድ ነው፤ ታንኳ ራሱ ሥራ እየፈታ ነው። ሞተር ጀልባ ፈጣን ነው፤ ከዘጌ ማገዶ ጭኖ የሚመጣ ታንኳ ዛሬም ቢታይም እንደ ድሮው አይደለም። ወደብ ላይ ለቱሪስት የሚሸጠው ታንኳ ክንድ አያክልም። ለእሱ የሚበቃ ደንገል በአንድ ጎረምሳ ብብት ይገባል። ደንገል ለመዳን ደንበኛ ያስፈልገዋል፤ በመጽሐፍ መሰነዱ ብቻ አያድነውም። ቅርጫቱ፣ ምንጣፉ፣ ጣሪያው፣ የከተማ ፍሳሽ በደንገል ማጣራቱ፤ ብዙ መንገድ አለ። ደንበኛ ይኑረው ስል ግን የሚያጭደው ያው ሥሩን የሚያውቀው ሰው ይሁን እያልኩ ነው።

ረፋድ ላይ አዛውንቱ ታንኳውን ጨረሱ። ጎረምሳው አንዱን ጫፍ፣ እሳቸው ሌላውን ይዘው ወደ ውሃው አወረዱት። ከወረደበት ቦታ ጥቂት ወጣ ብሎ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ጭቃው ላይ ቆሟል፤ አንድ ሰው ለአንድ ነገር የለካው መሬት። ምን እንደሚሠራበት ጠየቅኳቸው። አልነገሩንም አሉ። ከዚያ ገመዳቸውን አንሥተው ታንኳውን እዚያው ችካል ላይ አሰሩት፤ አንድ ጊዜ ሳብ አድርገው ጥንካሬውን አዩና ማጭዳቸውን ሊያመጡ ተመለሱ።